ማዘርቦርድ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ባለሙያ አማክሩ

አዲስ አበባ ውስጥ ዴስክቶፕ የሚገጣጥም አንድ ወንድማችንን በአደባባይ ማመስገን ፈለግን። ሥራውን ያየ ሰው ለሌላው መጠቆም አለበት።

ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ይጠይቃል፦ ምን ይሠራበታል? ፕሮሰሰሩ የትኛው ነው? ግራፊክስ ካርድ አለው? ኬዙስ? መልሱን ሳይሰማ ካርቶን አያወርድም። ትክክል ነው፤ ማዘርቦርድ (ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ብቻውን አይመረጥም።

በቅርቡ የገጣጠመውን፣ ራይዘን 5 5600 የተባለ ፕሮሰሰር ያለበትን ኮምፒውተር እንይ። ደንበኛው የመረጠው ቢ450 የሚባል ዓይነት፣ ባለ ብዙ መብራት ቦርድ ነበር። ቢ450 የወጣው በ2018 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ፣ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) ያልታደሰ ከሆነ ይህን ፕሮሰሰር አያውቀውም። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ብዙ ሰው «ተቃጥሏል» ብሎ ደህናውን ቦርድ የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ 5600 የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ የስክሪን ገመዱን ቦርዱ ላይ የሰካ ምንም አያይም።

እሱ ያስመረጠው ቢ550 የሚባለውን ቦርድ ነው። የመጀመሪያ ምክንያቱ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት አጠገብ ያለው የኃይል ክፍል ነበር። ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣውን 12 ቮልት ፕሮሰሰሩ ወደሚፈልገው ወደ 1 ቮልት ገደማ የሚያወርደው እሱ ነው። ግራጫዎቹን ኩቦች መቁጠር አይበቃም፤ አጠገባቸው ያሉት ትንንሽ ጥቁር ክፍሎች የአልሙኒየም ማቀዝቀዣ ለብሰው እንደሆነ በጣቱ እየነካ ያሳያል። ራቁታቸውን ከሆኑ ረጅም የቪዲዮ ሥራ ላይ ይግላሉ፣ ፕሮሰሰሩም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለመብራት የሚወጣው ብር እዚህ ቢውል ይሻላል፤ እኛም በዚህ እንስማማለን።

ሁለተኛው ምክንያት ያለ ፕሮሰሰር ባዮስ የሚያድሰው ቁልፍ ነው። ፍላሹን በፋት32 ፎርማት ያደርጋል፣ የፋይሉን ስም ማኑዋሉ እንደሚለው ይቀይራል፣ መብራቱ ብልጭ ማለቱን እስኪያቆም አይነካውም። ያለ ዩፒኤስም አይጀምርም፤ እድሳቱ መሃል ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

ኬዝ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ቦርዱን ካርቶኑ ላይ አስቀምጦ ይፈትናል። ፕሮሰሰር፣ ማቀዝቀዣ፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ከሶኬቱ ሲቆጠር 2ኛው የራም ቀዳዳ ላይ አንድ ራም፣ ባለ 24 ፒኑ ገመድና የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ፒን፤ በቃ። የማብሪያ ፒኖቹን በብሎን መፍቻ ጫፍ ነካ ያደርጋቸዋል። ቦርዱ ላይ ካሉት አራት ጠቋሚ መብራቶች የራሙ በርቶ ከቀረ ራሙን አውጥቶ መልሶ ይጫናል። ሁለተኛውን ራም 4ኛው ቀዳዳ ላይ ይጨምራል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ከገቡ አብዛኛው ቦርድ ላይ በአንድ ቻናል (የመረጃ መንገድ) ብቻ ይሠራሉ። ኬዙ ላይ ደግሞ ከቦርዱ ቀዳዳ ጋር የማይገጥመውን የነሐስ እግር ይነቅላል፤ ከተተወ የቦርዱን ጀርባ ነክቶ ሾርት ያደርጋል።

ያገለገለ ቦርድ ለምትገዙ ይበልጥ ይጠቅማችኋል። የኢንቴል 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ትውልድ ሶኬት 1700 ፒን አለው፤ በስልክ መብራት ከጎን እያበራ አንድ በአንድ ያየዋል። አንድ ፒን ቢጣመም አንዱ የራም ቻናል ሊጠፋ ይችላል። ያበጠ ካፓሲተር ካየ ይመልሰዋል። በርካሽ የሚሸጡትንና ለአሮጌ የሰርቨር ፕሮሰሰር የሚሠሩትን ስም የለሽ ቦርዶች በተመለከተ፣ ባዮስ የሚያወጣላቸው እንደማይገኝ አስቀድሞ ይናገራል።

ፈጣን አይደለም፤ አንድ ኮምፒውተር ሁለት ቀን ሊይዝበት ይችላል። የቦርዱን ሴሪያል ቁጥር ግን ደረሰኙ ላይ ይጽፋል፣ የሶኬቱን ፕላስቲክ ክዳንም ለዋስትና አስቀምጡት ብሎ ይሰጣል።

ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንልካለን። ስትሄዱ የኬዛችሁን መጠንና የፓወር ሰፕላያችሁን ዋት ጽፋችሁ ያዙ።