ኮሊናይት 845 ፈሳሽ ሰም፦ ለአዲስ አበባ ፀሐይና አቧራ ይበጃል?

ኮሊናይት 845 ሲያዩት የሚያጓጓ ነገር የለውም። ተራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ሽታው የቀለም ማቅጠኛ ያስታውሳል፤ “ኢንሱሌተር ዋክስ” የሚለው ስያሜውም የመኪና ዕቃ አያስመስለውም። ስሙ የመጣው ከኤሌክትሪክ መስመር ነው። በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት በዩቲካ ከተማ ያለው አምራቹ መጀመሪያ ያዘጋጀው በኃይል ምሰሶ ላይ ለሚታዩት፣ ኢንሱሌተር ለሚባሉት ስኒዎች ነበር። ዝናብና ቆሻሻ እንዳይጣበቅባቸው የተሠራው ሰም ለመኪና ቀለምም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፦ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ጊዜ አግኝቶ መኪናውን በእጁ ሰም ለሚቀባ ሰው ከዚህ የሚሻል ዕቃ ማግኘት ይከብዳል። ይቆያል፣ ጥቂቱ ብዙ ያዳርሳል፣ ማሽን አይፈልግም። ግን አብዝቶ ለሚለቀልቅ እጅ አይታዘዝም፤ ስለዚህ ዕቃ የሚሰማው ቅሬታ በአብዛኛው ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

ለምን እንደሆነ ይዘቱን ካወቁ ይገባል። በውስጡ ካርናውባ አለ፤ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዝርያ ቅጠል የሚወጣና ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልሆነ የማይቀልጥ ጠንካራ ሰም ነው። ከሱ ጋር ሰው ሠራሽ ፖሊመር ተቀላቅሏል። ሁለቱንም ፈሳሽ አድርጎ የያዛቸው ከነዳጅ የሚገኝ ማሟሟቻ ነው። ሲቀባ ማሟሟቻው ይተንና ሰሙ ይቀራል። ሽፋኑ ስስ ከሆነ በደቂቃዎች ይደርቃል። ወፍራም ከሆነ ግን ላዩ ይደርቅና ማሟሟቻው ከሥር ይታፈናል፤ ያኔ ጨርቁ ሰሙን ከማንሳት ይልቅ ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከፍታ ሲጨምር ቀለም የሚያደክመው አልትራቫዮሌት ጨረርም ይጨምራል፤ ለዚህ ነው ውጭ የሚያድሩ መኪኖች ጣሪያና ኮፈን ከጎናቸው ቀድሞ የሚነጣው። ሰም ጨረሩን አያቆምም፤ “ከፀሐይ ይከላከላል” የሚለውን ማስታወቂያ በልክ መውሰድ ነው። በደንብ የሚያግዘው በሌሎቹ ላይ ነው፦ የሲሚንቶ ብናኝ፣ የወፍ ኩስ፣ የዛፍ ሙጫ፣ የክረምት ጭቃ። የሲሚንቶ ብናኝ ካፊያ ሲነካው ይደርቅና ይነክሳል፤ ሰም ባለበት ቀለም ላይ ግን የመያዝ ዕድሉ ያነሰ ነው። የወፍ ኩስን ቶሎ ማንሳት ሰም ቢቀባም አይቀርም፤ ሰሙ የሚሰጠው የሰዓታት ፋታ ነው።

ስለዚህ አንዱ ዙር በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፤ ሁለተኛው በጥቅምት፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። በሐምሌ አይሞከርም። አየሩ እርጥብና ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰሙ ለመድረቅ ይዘገያል፤ ካፊያ ከደረሰበትም ይዥጎረጎራል።

ሥራው የሚጀምረው ከመታጠቡ ነው። ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለሻምፖ፣ ሌላው ጓንቱን ወይም ስፖንጁን ለማለቅለቂያ። ቸርኬዎቹን በተለየ ጨርቅ ቀድሞ መጨረስ፣ ከዚያ ከጣሪያ ወደ ታች መውረድ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና ለዘወትር እጥበት አይሆንም፤ የነበረውን ሰም ይገፍፋል፣ ያልሟሟ ቅንጣቱም ይጭራል። ካጠቡ በኋላ በሮችን ከፍቶ ጠርዛቸውን፣ የስፖኪዮውን ሥር፣ የታርጋውን ዙሪያ ማድረቅ ነው። ከዚያ የሚንጠባጠብ ውሃ ገና የተቀባ ሰም ላይ መስመር ይሠራል።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ እጅን በስስ ፌስታል ሸፍኖ ኮፈኑን መዳበስ ይገባል። ባዶ እጅ የማይሰማው ሻካራነት በፌስታል ይሰማል። የሚኮሰኩስ ከሆነ የተጣበቀ ነገር አለ ማለት ነው፤ ግንባታ ባለበት ሰፈር የሚያድር መኪና ላይ ከብረት መቁረጫ የሚበትኑ ፍንጣሪዎች ተሰክተው ዝገት የመሰሉ ቡናማ ነጠብጣቦች ይሆናሉ። ይህን ሰም አያስለቅቀውም፤ ከሥሩ ቀብሮት ይቀራል። መፍትሔው የመኪና ክሌይ የሚባለው የሚለጠጥ ሸክላ መሰል ነገር ነው። 50 ግራም ያህል ቆርሶ፣ ቀለሙን በሻምፖ ውሃ በደንብ አርሶ፣ ሳይጫኑ በቀጥታ መስመር ማንሸራተት፤ ሲቆሽሽ ወደ ውስጥ አጥፎ ንጹሕ ፊት ማውጣት። መሬት ከወደቀ ይጣላል። አሸዋ የነካ ክሌይ የአሸዋ ወረቀት ነው።

የላቫጆ ቅባት ካለ አንድ እጅ ባለ 70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ከሁለት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሎ በጨርቅ ማበስ በቂ ነው። ጠበቅ ያለ አልኮል አይጠቅምም፤ በተለይ ድጋሚ የተቀባ መኪና ላይ አያምርም።

አሁን ወደ ሰሙ። ጥላ ያስፈልጋል፣ ግን ከዛፍ ሥር አይደለም። ኮፈኑ ላይ መዳፍን አሳርፎ ሙቀት ከተሰማ ቀለሙ ይቀዝቅዝ። በሌላ በኩል በኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ 845 ጠርሙሱ ውስጥ ረግቶ አልወጣም ሊል ይችላል። ተበላሸ ተብሎ አይጣልም። ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ አቆይቶ በኃይል መናጥ ነው። ምድጃ አጠገብ ግን አይቀርብም፤ ማሟሟቻው ተቀጣጣይ ነው። በረጋበት ሁኔታ ሳይናጥ ከላይ ቀድቶ መቀባት ደግሞ ሰሙን ከሥር ትቶ ማሟሟቻውን ብቻ መቀባት ይሆናል።

መቀቢያው ክብ ስፖንጅ ነው። ትንሽ ውሃ ነክቶት ተጨምቆ ከወጣ ሰሙን አይጠጣም። ሦስት ጠብታ፣ እያንዳንዱ ከአሥር ሳንቲም ዝርዝር ገንዘብ ያልበለጠ፣ ለግማሽ ኮፈን ይበቃል። መጀመሪያ ነካ ነካ አድርጎ ማዳረስ፣ ከዚያ በቀጥታ መስመር እየደራረቡ መሳብ። ትክክለኛው መጠን በጎን ብርሃን ካላዩት የማይታይ ነው፤ ነጭ ሆኖ ከታየ በዝቷል። ለአንድ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ሙሉ አካል 30 ሚሊ ሊትር ከበቂ በላይ ነው። ጠርሙሱ 473 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ 15 ዙር ያወጣል ማለት ነው፤ በዓመት ሁለቴ ለሚቀባ ሰው ከሰባት ዓመት በላይ። ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ መግዛት አያሳፍርም።

የበጋው አየር ደረቅ ስለሆነ ሰሙ በሁለት ሦስት ደቂቃ ይደበዝዛል። ጣትን አንዴ ሸርተት አድርጎ ማየት፤ ዱካው ጥርት ብሎ ከወጣ ደርሷል፣ ከተዝረከረከ ገና ነው። መኪናውን በሙሉ ቀብቶ ለመወልወል መመለስ አጉል ድካም ያመጣል። አንድ በር ቀብቶ፣ ቀጣዩን ቀብቶ፣ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ መወልወል ጥሩ አካሄድ ነው። ማይክሮፋይበር ጨርቅ ሁለት ያስፈልጋል፤ አራት እጥፍ ሲሆን ስምንት ንጹሕ ፊት ይሰጣል። በመጀመሪያው ሰሙን ማንሳት፣ በሁለተኛው መጨረስ። አሮጌ ካናቴራ አይመከርም፤ ስፌቱ ይጭራል።

ተጎትቶ አልነሣም ያለ ወፍራም ሰም ሲያጋጥም መታገል ቀለሙን ይጎዳል። እላዩ ላይ አንድ ጠብታ አዲስ ሰም ቀብቶ ወዲያው መጥረግ ነው፤ አዲሱ ማሟሟቻ አሮጌውን ያላላዋል። ጥቁር ፕላስቲክ ላይ፣ ለምሳሌ በፓራውልቱ ያልተቀባ ክፍልና በመስታወት ዙሪያ ባለው ጎማ ላይ ሰሙ ከነካ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቀድሞ በወረቀት ፕላስተር መሸፈን ቀላሉ መንገድ ነው፤ ካመለጠ ያው የቀጠነው አልኮልና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ያስለቅቃሉ። የፊት መስታወት ላይ አይቀባ፤ የዝናብ መጥረጊያው ይንተፋተፋል፣ ማታም የመጪ መኪና መብራት ይበትናል።

በላዩ ሁለተኛ ሽፋን የሚቀባው ለውፍረት ሳይሆን ያመለጠውን ቦታ ለመሸፈን ነው፤ አንድ ቀን ቢያልፍ ይሻላል። ቸርኬ ላይ ግን ሁለት ሽፋን ይገባዋል። የፍሬን ሸራ ብናኝ ሰም ባለበት ቸርኬ ላይ ስለማይጋገር በውሃና በሻምፖ ብቻ ይለቃል። ከዚህ ዕቃ ጥቅሞች ሁሉ ብዙ ሰው የማያስበው ይህ ነው፤ ምናልባትም ትልቁ።

ስንት ይቆያል? ውሃ እንደ ዶቃ ክብ እየሆነ መንከባለሉን እስኪተው ድረስ፣ በለስላሳ ሻምፖ ለሚታጠብ መኪና ከ4 እስከ 6 ወር መጠበቅ ይቻላል። በየሳምንቱ ላቫጆ ገብቶ በጠንካራ ሳሙና የሚታሽ፣ ከሥር ናፍጣ የሚረጭበት መኪና ላይ ግን ሁለት ወርም ላይሞላ ይችላል፤ ናፍጣው ወደ በሮቹ ታችኛ ክፍል ሲበትን ሰሙን ያሟሟዋል። የራስን ሻምፖና ስፖንጅ ይዞ መሄድ አንዳንዱ አጣቢ ቅር ቢለውም ይፈቀዳል።

ድክመቱ ግልጽ ነው። ጭረት አይደብቅም። ማለስለሻ ብናኝ ስለሌለው የደከመ ቀለም አያድስም፤ ለዚያ ቀድሞ ፖሊሽ ያስፈልጋል። ቀለሙ ክሊር፣ ማለትም ከላይ የሚቀባ ቀለም አልባ ሽፋን፣ እንዳለው ለማወቅ ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርጎ በማይታይ ቦታ ማሸት ነው፤ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የለውም፣ እዚያ ላይ ፖሊሽ በተደጋገመ ቁጥር ቀለሙ ይሳሳል። ጋራዥ ውስጥ በአየር የደረቀ አዲስ ቀለም ቢያንስ ሁለት ወር፣ ቢቻል ሦስት፣ ሳይሰም መቆየት አለበት፤ ከውስጡ የሚወጣው ትነት መውጫ ይፈልጋል። አንጸባራቂ ያልሆነ ማት ቀለም ላይ ጨርሶ አይቀባም፤ ያዥጎረጉረዋል።

የዚያው አምራች ሥራ ከሆነው ወንድሙ ከ476ኤስ ጋር ሲነጻጸር 845 ለመቀባትና ለመወልወል የቀለለ ነው። 476ኤስ በቆርቆሮ የሚመጣ ደረቅ ሰም ሲሆን የበለጠ ይቆያል፣ ግን ጨርሶ ከደረቀ ጡንቻ ይጠይቃል፤ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየቀቡ ቶሎ ማንሳት ነው። ለጀማሪ 845፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ሆነው በበረዶ ወራት የመንገድ ጨው ለሚጠብቃቸው አንባቢዎች 476ኤስ። እዚያ ያሉት በጥቅምት አጋማሽ፣ ቀኑ ከ10 ዲግሪ በላይ ሳለ ቢቀቡ ይሻላል። በዓረብ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ላሉት ሁለቱም በሙቀቱ ወራት ብዙ አይዘልቁም፤ ውጭ የቆመ ጥቁር መኪና ላሜራ ሰሙን እስኪያላላ ይግላል፣ ስለዚህ ሥራውን ለማታ ወይም ለቀዝቃዛው ወራት ማዋል ነው።

በአሜሪካ ዋጋው ከ20 እስከ 30 ዶላር ባለው ውስጥ ነው። በዘመድ ሻንጣ አስመጣለሁ ለሚል ግን ማስጠንቀቂያ አለ፦ ተቀጣጣይ ማሟሟቻ ያለበት ፈሳሽ ስለሆነ ከመጫኑ በፊት በጠርሙሱ ላይ ያለውን ምልክትና የአየር መንገዱን ደንብ ማየት ይገባል፤ ፍተሻ ላይ ቢያዝ ተመላሽ የለውም። እዚሁ ከመለዋወጫ ሱቅ የሚገኘው ማጽጃ የተቀላቀለበት የቆርቆሮ ሰም እንደ ምትክ ይሠራል፤ ውስጡ ያለው ለስላሳ ማለስለሻ ለደከመ ቀለም እንዲያውም ይሻላል። ቆይታው ግን ስለሚያንስ በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ መድገም ይኖራል።