በሊዮን ከተማ ላገኘናት አስጎብኚና ለአንድ የመስሚያ መሣሪያ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው መርከባችን በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ በቆመችበት ዕለት ከሥራዋ ወሰን አልፋ ለደከመችልን አስጎብኚ፣ እንዲሁም የምሳ ሰዓታቸውን ለእኛ ለሰጡ አንድ የመስሚያ መሣሪያ ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ነው። በዚያ በኩል ለመጓዝ የሚያስቡ፣ በተለይም ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆቻቸውን ለመላክ የተዘጋጁ ወገኖች ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ልጆቻችን የጋብቻችንን የብር ኢዮቤልዩ ምክንያት አድርገው፣ ከምንኖርበት ከሜሪላንድ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ልከውን፣ የሮንን ወንዝ ሽቅብ በሚጓዝ የመንገደኞች መርከብ ተሳፍረን ነበር። የባለቤቴ የመስሚያ መሣሪያ ግን ጉዞው ሳይጋመስ ደከመ። የአንደኛው ጆሮው ጭራሽ ዝም አለ፤ የሌላኛው ደግሞ ድምፅ ቢሰጥም ንግግርን ከሁካታ የማይለይ ሆነ።

ይህ መሣሪያ ከመነሣታችን በፊትም ያስቸግር ስለነበር በሰፈራችን አቅራቢያ ወደሚገኝ ሱቅ ወስደነው ነበር። የተቀበለን ሰው መሣሪያውን በእጁ እንኳ ሳይነካ «ጊዜው አልፎበታል፤ አዲስ ግዙ» ብሎ፣ ሲሰሙት የሚያስደነግጥ ዋጋ ነግሮ አሰናበተን። በጉዞው ላይ የገጠመን ግን ከዚያም የባሰ ነበር። ከሊዮን በፊት በቆምንበት ከተማ ከቡድን ጋር ስንጎበኝ፣ አስጎብኚው ባንዲራውን ከፍ አድርጎ ወደፊት ይገሠግሣል፤ ለሁላችን የታደለው የጆሮ ማዳመጫ ለባለቤቴ አንዳች አልፈየደለትም። እባክህ ቆም ብለህ ፊት ለፊት አናግረው ብዬ ብጠይቅ፣ እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ መመዝገብ ነበረበት የሚል መልስ ሰጠኝ። መርከቡ ላይ ያሉትም ባትሪ ቀይሩ ከማለት በቀር የረዱን ነገር የለም፤ ባትሪ መቀየሩንማ እኛም እናውቅበታለን። ባለቤቴ በዚያ ቀን ከሰው ሁሉ ኋላ ሆኖ፣ አንድም ቃል ሳይሰማ፣ ሌሎች ሲስቁ እሱም አብሮ ፈገግ እያለ ዋለ። ከተሰጠኝ መልስ ይልቅ ያ ፈገግታ አንጀቴን በላው።

በዚህ ምክንያት በሊዮን ከቡድኑ ተለይተን፣ ፈቃድ ያላት የግል አስጎብኚ በልጃችን በኩል ያዝን። መርከቦች በሚቆሙበት በሮን ዳርቻ፣ ክሎድ በርናር በሚባለው መንገድ ላይ ጠብቃ ተቀበለችንና፣ ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ዓመት ሉግዱኑም ብለው ስለቆረቆሯት ከተማ ማስረዳት ጀመረች። ባለቤቴ እንደለመደው ራሱን ይነቀንቃል። ድልድዩን ገና ሳንሻገር ንግግሯን አቋረጠች፤ ፊት ለፊቱ ቆመችና ቀስ ብላ፣ «አይሰማዎትም አይደል?» አለችው። ሌሎቹ ነግሬአቸው እንኳ ሊገባቸው ያልቻለውን እሷ ሳልነግራት አየችው። አፍሮ «ግድ የለም፣ ቀጥይ» ሲላት፣ ከተማዋ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቆየች ስለሆነች አንድ ሰዓት ብትጠብቀን ቅር አይላትም አለችና ስልኳን አወጣች።

ቤልኩር የተባለውን ሰፊ አደባባይ አልፈን ወደ አንድ ትንሽ ሱቅ ወሰደችን። የሱቁ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሰው ሲሆኑ፣ የምሳ ሰዓት ደርሶ በሩን ሊዘጉ ሲሉ ነበር የደረስነው። በፈረንሳይ በምሳ ሰዓት የሚዘጉ ሱቆች ብዙ እንደሆኑ ሰምቼ ስለነበር በልቤ ተስፋ ቆረጥሁ። እሷ በፈረንሳይኛ አንድ ሁለት ነገር ስትነግራቸው ግን ኮታቸውን መልሰው ሰቀሉና ባለቤቴን ወንበር ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ላስረዳ ብል አልችልም። ፈቱት፣ በአጉሊ መነጽር መረመሩት፣ በቀጭን ብሩሽ ጠረጉት፤ ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ ነገር አውጥተው ሌላ ተኩ፤ ኮምፒውተራቸው ላይም ጥቂት ነካኩ። አስጎብኚያችንም የሚሉትን ሁሉ እየተረጎመችልን ከአጠገባችን አልተለየችም። መሣሪያዎቹን በጆሮዎቹ ካደረጉለት በኋላ ከጀርባው ቆመው ቁልፋቸውን አንሿሹ፤ ባለቤቴም ዘወር አለ። እኔ ከደስታዬ የተነሣ ወደ እሱ ስራመድ «ጫማሽ እንዲህ ይጮኻል እንዴ?» አለኝ። ጉዞውን ሙሉ ሲጮህ የከረመ ጫማ ነው!

ሒሳብ ስንጠይቃቸው ሰውየው እጃቸውን አወዛወዙብን። ለተተካችው ዕቃ ብቻ እንኳ ይቀበሉን ብንል እምቢ አሉ፤ የሁለታችንንም እጅ ጨብጠው፣ ኮታቸውን አንሥተው ወደ ምሳቸው ሄዱ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው።

የጎደለውን ሰዓት አስጎብኚያችን እንዴት እንዳካካሰችው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሽቅቡን በእግር እንዳንደክም በአሮጌው ሰፈር ካለው ጣቢያ በገመድ በሚሳበው ባቡር አሳፍራ ፉርቪዬር ኮረብታ ላይ አወጣችን። ግንባታው በ1872 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በተጀመረው ባዚሊካ፣ ማለትም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን፣ አጠገብ ቆመን ቁልቁል ስናይ፣ ሶን የሚባለው ወንዝ ከሥራችን፣ ሮን ደግሞ ራቅ ብሎ ይታያል፤ ሁለቱ ከከተማው በስተደቡብ ይገናኛሉ። ባለቤቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነውና በዚህች ከተማ በ177 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ስለተሠዉት ሰማዕታት ስትነግረው ጥያቄውን አከታተለባት። ከ90 ዓመት በላይ ሆኗቸው በእስር ቤት ስላረፉት ጳጳስ ስለ ፖቲኖስ፣ ስለ ባሪያይቱ ብላንዲና፣ ከፖቲኖስም ቀጥሎ በመንበሩ ስለተቀመጠው ስለ ቅዱስ ሄሬኔዎስ ተጨዋወቱ፤ ሰማዕታቱ የተሠቃዩበት ትርዒት ማሳያ የሚገኝበትን የክሯ ሩስን ኮረብታ ከሩቅ አሳየችን። የሐረር ልጅ መሆኑን ስትሰማም፣ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1880 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሐረር የገባው መቀመጫውን ሊዮን ባደረገ የንግድ ቤት ተቀጥሮ እንደሆነ ነገረችው። እሱም በበኩሉ ዛሬ ሐረር ውስጥ በራምቦ ስም የሚጠራው ቤት ራምቦ የኖረበት እንዳልሆነ አስረዳት፤ እሷም ማስታወሻዋን አውጥታ ጻፈች። ከዚያ በፊት ለቀናት ከእኔ በቀር ከማንም ጋር ሳይነጋገር የሰነበተ ሰው፣ ያን ዕለት ለእኔ አንድ ቃል ጣልቃ የማስገባት ዕድል እንኳ አልሰጠኝም።

ስንወርድም ትራቡል በሚባሉት፣ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው በቤቶች ሆድ ውስጥ በሚያሳልፉ መተላለፊያዎች አሳልፋን፣ ሰው የሚኖርበት ግቢ ነውና ድምፃችንን ዝቅ እንድናደርግ ስትነግረን ባለቤቴ በሹክሹክታ የተናገረችውን ሳይቀር ሰማ። መርከቧ ከመነሣቷ በፊት በቂ ሰዓት ሲቀር ከመሳፈሪያው አደረሰችን። በሱቁ ያጠፋችውን ጊዜ ልክፈልሽ ብላት በፍጹም አልተቀበለችኝም።

እኅቴ፣ ልጄ፣ ደጋግሜ አመሰግንሻለሁ። በወንዝ መርከብ ሊዮን የምትደርሱ ሁሉ፣ የቡድኑን ጉብኝት ከመግዛታችሁ በፊት እሷን ጠይቁ፤ ደግሜ እላለሁ፣ እሷን ጠይቁ። እሷን ካላገኛችሁ የከተማው የቱሪስት ቢሮ እዚያው ቤልኩር አደባባይ ላይ ስለሚገኝ፣ የባለሙያ አስጎብኚነት መታወቂያ ያለው ሰው እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ራሷ ስለለመነችኝ፣ አድራሻዋን ለሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር እልካለሁ፤ የሱቁንም እንዲሁ። በአውሮፓውያን ታኅሣሥ (ዲሴምበር) መጀመሪያ ግን ሊዮን የብርሃን በዓሏን ስለምታከብርና አስጎብኚዎቹ ሁሉ ስለሚያዙ፣ በዚያ ወቅት የምትሄዱ ከወራት በፊት ጻፉላት።