ጎንደር ላይ የሞዴል ባቡር ቀለም የምታስቀቡ፣ ቀብድ ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ

ጎንደር ውስጥ «የሞዴል ባቡር በፈለጋችሁት ቀለም እቀባለሁ» እያለ በቴሌግራም የሚያስተዋውቅ ሰው አለ። ሥራ የሚቀበለው ፒያሳ አካባቢ ነው። ስሙን አልጠራም። አሠራሩን ግን ልንገራችሁ፤ ገንዘባችሁንም ባቡራችሁንም እንዳታጡ።

ሞዴል ባቡር ማለት እውነተኛውን አስመስሎ በትንሹ የተሠራ፣ በሐዲድ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ነው። እኔ እንዲቀባልኝ ያዘዝኩት የአዲስ አበባውን ቀላል ባቡር ቀለም ነው። ልጄ ክረምቱን አክስቱ ጋ ሄዶ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ከተሳፈረበት ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ከመስከረም 2008 ጀምሮ የሚሠራው ይህ ባቡር ሁለት መስመር አለው፤ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምሥራቅ ምዕራቡ አረንጓዴና ነጭ፣ የሰሜን ደቡቡ ሰማያዊና ነጭ ነው። ልጄ የሚፈልገው አረንጓዴውን ነው። በዚህ ቀለም የተሠራ ሞዴል ፈልጌ ስላጣሁ፣ ቅርጹ የሚቀርበውን ከውጭ አስመጣሁና ለማስቀባት ሰጠሁት። ስሰጠው ሞተሩ ጥሩ አድርጎ ይሠራ ነበር።

ሰውዬው ግማሹን በቀብድ ተቀበለኝ። ያሳየኝ ፎቶዎች ያምራሉ፤ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ቁጥሩ የጠራ። ኋላ ላይ አንድ ወዳጄ ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ አገኛቸው። የውጭ አገር ሰው ሥራ ናቸው።

የመለሰልኝን ባቡር ጎኑን ስዳስሰው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ነው። የበሮቹ ቀጭን መስመር በቀለም ተደፍኗል። መስኮቶቹ ነጥተው ውስጡ አይታይም። ጣራው ጠርዝ ላይ ፕላስቲኩ ተሰነጣጥቋል። ቁጥሩን በተራ ስቲከር ነው የለጠፈው፤ ጥግ ጥጉ ገና ካሁኑ ተነስቷል። ሐዲዱ ላይ ሳስቀምጠውማ ንቅንቅ አላለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሰውዬው የተጠቀመው የመኪና ቀለም ነው፤ በቲነር አቅጥኖ፣ ያለ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ቀድሞ ከሥር የሚቀባው)። ቲነር ብረት ላይ ችግር የለውም። እነዚህ ሞዴሎች ግን አብዛኞቹ ኤቢኤስ ወይም ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠሩ ናቸው። ቲነር ውስጥ ያሉት እንደ አሴቶንና ቶሉይን ያሉ ፈሳሾች ይህን ፕላስቲክ ያሟሙታል። አንዴ ከበላው ደግሞ መመለሻ የለውም። መስኮቶቹንም ሳይነቅል ነው የረጨባቸው። የብረት ጎማዎቹንም አልሸፈነም። ሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሐዲዱ በጎማዎቹ በኩል ስለሆነ፣ ጎማው ቀለም ከለበሰ ባቡሩ አይሄድም። ቀስ እያልኩ ቀለሙን ከጎማዎቹ ላይ ሳስለቅቅ ተነስቶ ሄደ። መስኮቱና ጣራው ግን እንደተበላሹ ቀሩ።

ደህና ሠሪ እንዲህ አያደርግም። መጀመሪያ አካሉን ከሞተሩ ይለያል፣ መስኮቱን ይነቅላል፣ በሳሙና አጥቦ ያደርቃል። ለፕላስቲክ የሚሆን ፕራይመር ይነፋል። ከዚያ አክሪሊክ ቀለም በኤርብራሽ (ቀለም በአየር ግፊት በምትነፋ ትንሽ መሣሪያ)፣ ስስ ስስ አድርጎ፣ እየደጋገመ። ነጩ ይቀድማል። እሱ በደንብ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ የሚቀረውን በቀለም ቀቢዎች ፕላስተር ሸፍኖ አረንጓዴውን ይነፋል። ቁጥሩና ጽሑፉ በውሃ ተነክሮ የሚለጠፈው ስስ የታተመ ልጣፍ ነው፤ በላዩ ቫርኒሽ ይነፋበታል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። «ነገ ና ውሰድ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ባቡራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ከተማችን ውስጥ ሐቀኛ ሠራተኛ ጠፍቶ አይደለም። አንድ የጋራዥ ቀለም ቀቢ ጠይቄው «ወንድሜ፣ እኔ ብረት ነው የማውቀው፤ ይሄን አበላሽብሃለሁ» ብሎ መልሶልኛል። እግዜር ይስጠው።

ሰውዬው አሁን ደግሞ «የድሮው የድሬዳዋ ባቡር» እያለ ሞዴል እንደሚሸጥ ሌላ ማስታወቂያ ለጥፏል። እሱንም ተጠንቀቁ። አሮጌው የጅቡቲ መስመር የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። 1 ለ 87 በሆነ፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ባነሰ ሞዴል ይህ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል። እሱ የሚሸጠው 16.5 ሚሊ ሜትር ላይ የሚሄድ ነው፤ ያ ደግሞ የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ዓይነት ሐዲድ ልክ ነው። ቀለሙ ቢያምር እንኳ ባቡሩ ያ ባቡር አይሆንም።

ለማንም ሰው ባቡራችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ከሥር የማይታይ ቁራጭ ወይም ተመሳሳይ የተሰበረ ፕላስቲክ ስጡና ቀብቶ ያሳያችሁ። አንድ ቀን ሙሉ አሳድሩት። ካልተሰነጠቀ፣ ካልተላጠ፣ ቀለሙም ከፎቶው ጋር ከገጠመ ያኔ ተነጋገሩ። እምቢ ካለ ነገሩ አለቀ።

ቀብድ ከፍላችሁ እየጠበቃችሁ ያላችሁም አላችሁ። አዘዞ ያለውን አንድ ልጅ ሰውዬው ብዙ ካመላለሰው በኋላ «አልሠራም» ብሎ ከቀብዱ ቆርጦ ነው የመለሰለት። ይህ ሕገ ወጥ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ልተወው ካለ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ለዚህ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። የቴሌብሩን መልእክት አታጥፉ። ቴሌግራም ላይ ሰውዬው የጻፈላችሁን ከእናንተም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል፤ ዛሬውኑ ስክሪን ሹት አንሱት።