ፋሲካችንን የበላው ሳውና፦ ከስምንት ወር በኋላ

ሳውናው ጥሩ ነው። ይህን ገና ከመጀመሬ የምናገረው በኋላ ስለምረሳው ነው። ይሞቃል፣ ላብ በላብ ያደርጋል፣ ወገቤን ይፈታልኛል። እንጨቱ አልተሰነጠቀም። የመስታወት በሩ አልተንሻፈፈም። የሙቀቱና የሰዓቱ ቁልፎች ዛሬም ሲነኳቸው ይታዘዛሉ። ይኸው፣ ለሻጩ የሚገባውን ምስጋና ጨረስኩ። አሁን ወደ ዶሮዎቹ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንጀራዬ መሪ ላይ ነው። በቀን አሥር አሥራ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ወገቡ ምን እንደሚሆን ሾፌር የሆነ ያውቀዋል። ጂም ሄጄ ሳውና ስገባ ይለቀኝ ነበር። ችግሩ ስመለስ ነው። በኅዳር ብርድ ላብ ይዞ ወደ መኪና መሮጥ የተፈታውን ወገብ መልሶ ያስረዋል። ባለቤቴ "ብርድ ይመታሃል" እያለች ስትጨቀጭቀኝ፣ "እንግዲያው ሳውናውን ቤት አመጣዋለሁ" አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። በኅዳር ቅናሽ ባለ ሁለት ሰው ኢንፍራሬድ ሳውና በ1,899 ዶላር አዘዝኩ። ያኔ ሳቋ ቆመ።

ኢንፍራሬድ የመረጥኩት በመብራቱ ምክንያት ነው። የፊንላንዱ ዓይነት ሳውና ድንጋይ አግሎ አየሩን ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ያደርሰዋል። ለዚያ ብዙውን ጊዜ የ240 ቮልት መስመር መዘርጋት አለበት። ኢንፍራሬዱ አየሩን ትቶ ገላን ነው የሚያሞቀው። ምድጃ ዳር ተቀምጠህ ፊትህ ግሎ ጀርባህ ሲበርድ ታውቀው የለ? እንደዚያ ነው፤ ልዩነቱ ምድጃው በጀርባም በጎንም በእግርም በኩል መሆኑ ነው። አየሩ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ቢደርስ ነው። ሻጩም በስልክ ያለኝ ይህንኑ ነበር። "ተራ ሶኬት ላይ ሰክተህ መግባት ብቻ ነው።" ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

ስለ መገጣጠሙ ብዙ የሚወራ የለም፣ ግን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ "ቤት ድረስ እናደርሳለን" ማለት "ቤትህ እስከሚታይበት ድረስ" ማለት ነው። የጭነት መኪናው ሾፌር ከ150 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሁለት ሳጥኖች ከነፓሌታቸው መንገዱ ዳር አውርዶ፣ አስፈርሞኝ ሄደ። ዝናብ እየመጣ ነበር። ሁለት ጓደኞቼን ጠርቼ፣ ሳጥኑን እዚያው ቀደን፣ ግድግዳ በግድግዳ ተሸክመን ቤዝመንት (ምድር ቤት) አወረድን። ሁለተኛ፣ ማንዋሉ 45 ደቂቃ ይበቃል ይላል። እኛ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ወለሉ፣ የጀርባው ግድግዳ፣ ሁለቱ ጎኖች፣ መቀመጫው፣ ባለ በሩ ፊት፣ በመጨረሻ ጣራው። ግድግዳዎቹ እርስ በርስ በብረት መቆለፊያ ነው የሚያያዙት፤ ካቻቢቴ የሚያስፈልገው ለበሩ እጀታና ለጥቃቅኑ ነው። እኛ ቦታ ለመቆጠብ ብለን ከቤቱ ግድግዳ ጋር አጣብቀን አቆምነው። ከዚያ የኋላዎቹን መቆለፊያዎች ለመዝጋት እጅ አይገባም። እንደገና ፈታን። ጣራውን ስናስቀምጥ ደግሞ የአንዱ ማሞቂያ ሽቦ በቀዳዳው ሳይወጣ ውስጥ ቀረ። እንደገና ጣራውን አነሳን። ሊገጥም ያሰበ ሰው ዙሪያውን መቆሚያ ቦታ ይተው፤ ሽቦዎቹንም ጣራው ከመጫኑ በፊት አንድ በአንድ ይቁጠር። ጓደኞቼ ዋጋቸውን በክትፎ ተቀበሉ።

ከዚያ ስፒናውን ሰካሁት። ተራ ስፒና፣ ተራ ሶኬት። ልክ እንደተባለው። ባዶውን አንድ ሰዓት በሩን ከፍተን ለኮስነው፣ የአዲስ እንጨቱ ሽታ ወጣ፣ ማታ ገባሁበት። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ የሻጩ ጠበቃ ነበርኩ። ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ "ግዙ" አልኳቸው። አንዱ ገዝቷል፤ ስልኬን አሁን ቶሎ አያነሳም።

አልፎ አልፎ መብራቱ ድርግም ይላል። ብሬከሩ (ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጠው ማብሪያ) ይወድቃል። በፎጣ ተጠቅልዬ እወጣለሁ፣ አነሳዋለሁ፣ እመለሳለሁ። በወር ሁለቴ ቢሆን ነው። የለመዱት ችግር ችግር አይመስልም። አዲስ አበባ መብራት ሲጠፋ ያደገ ሰው ብሬከር ስለወደቀ አይደነግጥም። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። የእኛ ዲፕ ፍሪዘር ያለው እዚያው ቤዝመንት፣ ከሳውናው አራት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው። በጾም 55 ቀን ማን ሥጋ ያለበትን ፍሪዘር ይከፍታል? ውስጡ ለፋሲካ የተዘጋጁ ሦስት የሐበሻ ዶሮዎች ነበሩ፤ እርሻ ድረስ ሄደን መርጠን ያመጣናቸው። ግማሽ በግ ነበር። ከአገር ቤት በሰው እጅ የመጣ የሸኖ ቅቤም ነበር። የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ማታ ሳውና ገባሁ። ሰዓቱን 40 ደቂቃ ላይ አድርጌዋለሁ። ሊያልቅ ሲል መብራቱ ጠፋ። ጊዜው የሞላ መሰለኝ። ሳውናው ሰዓቱ ሲሞላ ራሱ ስለሚጠፋ አልተጠራጠርኩም። ፎጣዬን ይዤ ወጣሁ፣ ተኛሁ።

በማግስቱ ሆሳዕና ሆነ፣ ተከትሎ ሰሙነ ሕማማት ገባ። ባለቤቴ "በሕማማት ደግሞ ሳውና እገባለሁ እንዳትለኝ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ወደ ቤዝመንት ዝር ያለ የለም። የስቅለት ዕለት ሙሉ ቀን ሰግደን፣ ጉልበታችን እየተንቀጠቀጠ ማታ ቤት ገባን። እሷ ነጠላዋን ሳታወልቅ ዶሮዎቹን ለማውጣት ወረደች። ከላይ ሆኜ የፍሪዘሩ ክዳን ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ ሙሉ ስሜን ጠራችኝ።

ሽታውን አልገልጸውም፤ ምግብ ላይ ሆኖ የሚያነብ ይኖራል። መብራቱ የጠፋው ጊዜው ሞልቶ አልነበረም። ብሬከሩ ወድቆ ነበር። ፍሪዘሩና ሳውናው አንድ መስመር ላይ ናቸው። ስድስት ቀን ሙሉ ፍሪዘሩ ሳጥን ነበር። "አንተ ላብህን ለማውጣት ብለህ የእኔን ላብ ደፋኸው" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ቅዳሜ ሱፐርማርኬት ሄጄ የፈረንጅ ዶሮ ገዛሁ። ሽንኩርቱ ሳይበስል ሥጋው ከአጥንቱ የሚለቅ ዶሮ ነው። ወጡ ሾርባ ሆነ። ለፋሲካ የሄድነው ሳውናውን ያቆመልኝ ጓደኛዬ ቤት ነው። "ሳውናው እንዴት ነው?" አለኝ። ባለቤቴ አየችው። ወሬ ቀየረ።

ለማዕዶት ሰኞ ኤሌክትሪሽያን ጠራሁ። ፈቃድ ያለው የአገሬ ልጅ ነው። የብሬከሩን ሳጥን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ አየና "ጋሼ፣ ሳውናው ምንም አላጠፋም" አለኝ። ሒሳቡን በጣቱ ሠራልኝ። ሳውናው 1,750 ዋት ነው። የእዚህ አገር መብራት 120 ቮልት። ሲካፈል 14.6 አምፒር ይመጣል። ብሬከሩ የ15 ነው። ለብቻው እንኳ ቢሆን አፉ ድረስ ሞልቷል። በዚያ ላይ የፍሪዘሩ ሞተር ሲነሳ ይፈሳል። "ታዲያ አራት ወር እንዴት ሠራ?" አልኩት። ብሬከር ውስጥ ሲሞቅ የሚታጠፍ ብረት አለ። ጭነቱ በትንሹ ከልኩ ሲያልፍ ወዲያው አይወድቅም፣ ይታገሣል። ፍሪዘሩ ዝም ባለበት ሰዓት ከገባህ ምንም የለም። ረዥም ሰዓት የሚሠራ ዕቃ ደግሞ የብሬከሩን 80 በመቶ ባያልፍ ነው የሚመረጠው፤ በ15ቱ ላይ ይህ 12 አምፒር ነው። ሳውናዬ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከዚያ በላይ ነበር።

እዚህ ላይ ሻጩን አግኝቼ ብንነጋገር ደስ ይለኝ ነበር። በሐሳቤ ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ፤ በተለይ መኪና ውስጥ ስሆን። "ተራ ሶኬት ነው አላልከኝም?" እለዋለሁ። "ነው፤ ሶኬቱ ተራ ነው" ይላል። "መስመሩስ?" "ማንዋሉ ገጽ 19 ላይ፣ ለብቻው በሆነ መስመር ላይ ይሰካ ይላል።" እውነት ነው፣ ይላል። በትንሽ ፊደል፣ ከጽዳቱ መመሪያ ቀጥሎ። በሳጥኑ ላይ ግን በትልቁ የተጻፈው "ሰክተው ይደሰቱ" የሚል ነው። ገጽ 19ን ሳጥኑ ላይ ብትጽፈው ምን ትሆን ነበር? ዋጋው ላይ የኤሌክትሪሽያን 480 ዶላር ይጨመርብኛል ብሎ ገዢ ይሸሻል፣ ሌላ ምን። እኔ እኮ ባውቅ እከፍል ነበር! ዶሮዎቹን ጨምሮ ሲሰላ ርካሽ ነበር።

እግረ መንገዴን፣ ስለ ጤናውም የነገረኝን ልመልስለት። መርዝ ከሰውነት ያወጣል ብሎኝ ነበር። ላብ በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው፤ ቆሻሻ የሚያወጡት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ስፒና የላቸውም። የልብ ጥናትም አለ ብሎኛል። አለ፤ በ2015 የታተመ፣ 2,315 የምሥራቅ ፊንላንድ ወንዶችን ሃያ ዓመት ያህል የተከታተለ። ሳውና የሚያዘወትሩት በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ግን እነዚያ ሰዎች የሚገቡት ድንጋይ በሚግልበት ሳውና ነው፤ የእኔ ዓይነት የኢንፍራሬድ ማሞቂያ ሰሌዳ ፊት አይደለም። ለወገቤ ጠቅሞኛል፣ ይህን አልክድም። ከዚህ ያለፈውን ግን ለሌላ ሰው ሽጠው።

ኤሌክትሪሽያኑ አዲስ የ20 አምፒር ብሬከር አስገባ፣ ወፈር ያለውን ቢጫ ሽቦ ዘርግቶ ለሳውናው ብቻ ሶኬት አቆመ። ከዚያ ወዲህ አንዴም አልወደቀም። ባለቤቴ ለፍሪዘሩ ሙቀት ሲጨምር የሚጮህ ትንሽ ዕቃ በ20 ዶላር ገዛች። ሳታማክረኝ።

ልትገዙ ያሰባችሁ ብዙ አትጠይቁኝ፤ መጀመሪያ የብሬከር ሳጥናችሁ ጋ ሂዱ። አንዱን ብሬከር አጥፉና ቤቱን ዙሩ። ምን ምን ጠፋ? ሳውናውን ልትሰኩበት ባሰባችሁት ሶኬት ላይ ፍሪዘር፣ የልብስ ማጠቢያ ወይም የእርጥበት መምጠጫ አብሮ ከጠፋ፣ መጀመሪያ ኤሌክትሪሽያን፣ ቀጥሎ ሳውና። በብሬከር ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። የእኔ ላይ የቤቱ የድሮ ባለቤት "ቤዝመንት እና ሌላ" ብሎ ጽፎ ነበር። ፋሲካዬ "ሌላ" ውስጥ ነበረች። በማከፋፈያ ገመድም አትሞክሩት፤ እሱ ዶሮ ብቻ አይደለም የሚበላው።

ልሽጠው ነበር። በሰኔ ማስታወቂያውን ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ዋጋውን 1,100 አድርጌ ጨርሼ ነበር። በዚያው ሳምንት አማቴ ከደሴ መጡ። ወስጄ አሳየኋቸው። በመስታወቱ አዩትና "ጭሱ የታለ?" አሉኝ። ወይባ ሲሞቁ ያደጉ ሴት ናቸው። እንጨቱ ሳይጤስ፣ ገላው ሳይቀባ፣ በጋቢ ሳይጠቀለሉ ምን ሙቀት አለ? የግፊት መድኃኒት ስለሚወስዱ ሐኪማቸውን ጠየቅን፤ ዝቅ ባለ ሙቀት፣ ከ15 ደቂቃ ሳያልፍ፣ ውሃ ጠጥተው ይግቡ አለ። ለአንድ ቀን ብለው ገቡ። ጋቢያቸውን ይዘው።

አሁን ሐምሌ ነው፤ ውጪው ራሱ ሳውና ሆኗል። ማስታወቂያው ስልኬ ውስጥ ሳይለጠፍ ተቀምጧል። ትናንት ማታ ዋጋው ትክክል ነው ወይ ብዬ ሳውናውን ለማየት ወርጄ በሩን ገርበብ አደረግኩት። ሴትየዋ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"ዝጋው፣ ልጄ" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ሙቀቱ ወጣ።"