አፌን ዘግቼ የተነሳሁት የመንጋጋ ኤምአርአይ፦ እናንተ እንዳትሸወዱ

ጎጃም ያላችሁ፣ መንጋጋችሁ ቀጭ ቀጭ እያለ ያስቸገራችሁ ሰዎች፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ቆሎ ካየሁ አላልፍም። ግራ መንጋጋዬ ጆሮዬ ሥር ቀጭ ማለት ሲጀምር ንቄ ተውኩት። ቆየና ድምፁ ጠፋ። ተሻለኝ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ድምፁ የጠፋው አፌ አልከፈት ስላለ ነው! ሁለት ጣት እንኳ በግድ ነው የሚገባው። እናቴ ጉርሻዋን እንደ ሕፃን ታሳንስልኝ ጀመር።

ሐኪሙ የሁለቱንም መንጋጋ መገጣጠሚያ ኤምአርአይ፣ ማለትም በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምስል፣ ጻፈልኝ። በሌሊት ሚኒባስ ይዤ፣ ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላን አልፌ ባሕር ዳር ገባሁ። የተነሳሁበትን የምርመራ ማዕከል ስም አልጠራም። የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ የሚጠጋ ብር ከፈልኩ። ማሽኑ ውስጥ ተኛሁ፣ ጆሮዬ እስኪደነቁር ተንኳኳብኝ፣ ወጣሁ። አፍሽን ክፈቺ ያለኝ ሰው የለም።

ሪፖርቱ አንድ ገጽ ነው። ሙሉውን ስለ አንጎሌ ያወራል። አንጎሌ ደህና መሆኑ ደስ ይላል፣ ግን እኔ የሄድኩት ለእሱ አልነበረም። መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር «የመንጋጋ መገጣጠሚያ ጤናማ ነው» ይላል። ደረሰኙ ግን «መንጋጋ» ነው የሚለው።

ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና «ልጄ፣ አፍሽን ከፍተሽ የተነሳሽው የታለ?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በራስ ቅልና በመንጋጋ አጥንት መካከል ከኮርቻ ሥር እንደሚነጠፍ ነገር ያለ ትንሽ ልስልስ ዲስክ አለ። ይህ ዲስክ ወደፊት ሊንሸራተት ይችላል። አፍ ሲከፈት ቀጭ ብሎ ወደ ቦታው የሚመለስ አለ። ጨርሶ የማይመለስም አለ፤ ያኔ አፍ ይቆለፋል። ሁለቱን የሚለየው አፍ ተዘግቶም ተከፍቶም ሲነሳ ነው። በዚያ ላይ መገጣጠሚያው ትንሽ ስለሆነ ምስሉ በ3 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በቀጠነ ቁራጭ መነሳት አለበት። ለአንጎል የሚነሳው ብዙ ጊዜ 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እኔ የከፈልኩት ለመንጋጋ፣ የተነሳሁት ራስ ነው ማለት ነው።

ተመልሼ ስሟገት «ድጋሚ ከሆነ ድጋሚ ይከፈላል» አሉኝ። በቃ። ሌላ ቦታ ሄድኩ፣ ግን መጀመሪያ ደውዬ ጠየቅሁ። እዚያ ባለሙያው ጆሮዎቼ ላይ ትንንሽ ኮይል (ምስሉን የሚቀበል የማሽኑ ዕቃ) አሰረልኝ፣ አንዴ አፌን ዘግቼ፣ አንዴ የሚነከስ ፕላስቲክ ይዤ አነሳኝ። ዲስኬ ወደፊት ሄዶ ቀርቷል።

ስለዚህ ሳትከፍሉ «አፍ ተከፍቶም ተዘግቶም ታነሳላችሁ?» በሉ። ግራ ከተጋቡ ውጡ። ወረቀት ብቻ አትቀበሉ፣ ምስሉን በሲዲ ውሰዱ። የልብ ምት ማስተካከያ ወይም ሌላ ብረት ሰውነታችሁ ውስጥ ካለ ቀድማችሁ ተናገሩ። የጥርስ ማስተካከያ ሽቦም ምስሉን ያበላሻል።

ደግሞ ቀጭ ያለ መንጋጋ ሁሉ ኤምአርአይ አያስፈልገውም። ምንም ሕመም የሌለባቸው ሰዎች ሲነሱም ዲስካቸው ተንሸራቶ የሚገኝ ብዙ ነው። አብዛኛው ሰው በለስላሳ ምግብ፣ በሞቀ ፎጣና በእረፍት ይሻለዋል። አፍ ከተቆለፈ ወይም ሕክምናው አልሠራ ካለ ነው ምስሉ የሚጠቅመው። የተጠረጠረው የአጥንት ስብራት ከሆነ ደግሞ ሲቲ (በኤክስሬይ ቁራጭ በቁራጭ የሚያነሳው) ይሻላል። «ውጤቱ ሕክምናዬን ይለውጠዋል ወይ?» ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ አይቆጣችሁም።

እኔ አሁን ማታ ማታ የሚነከስ ፕላስቲክ አድርጌ እተኛለሁ፣ አፌም ቀስ በቀስ እየተከፈተ ነው። ሦስት ጣት ሊገባ ትንሽ ቀርቶታል። ቆሎ ግን ተከልክያለሁ፣ እናቴ ፊት ለፊቴ ትቆረጥማለች።