አንድ ብሔራዊ ፖሊስ ወይስ የየክልሉ ፖሊስ?

የምኖረው ከአያት አለፍ ብሎ፣ አዲስ አበባና ኦሮሚያ በሚዋሰኑበት ጠርዝ ላይ ነው። አምና አንድ ማታ ስልኬን የነጠቀኝ ልጅ አስፋልቱን ተሻግሮ ጠፋ። አንዱ ጣቢያ «የእኛ ክልል አይደለም» አለኝ፤ ሌላው መልሶ ወደዚያው ላከኝ። ሁለት ቀን ተመላለስኩ።

ቅልጥፍና፦ ፖሊስ አንድ ቢሆን መዝገቡም ትእዛዙም አንድ ይሆናል። እኔን ያንገላታኝ ድንበር ይቀር ነበር።

ቅርበት፦ እዚህ ላይ የክልሉ ያመዝናል። በሰፈራችን የሚዞረው ፖሊስ አማርኛም ኦሮምኛም ይናገራል፤ የትኛው ግቢ ጠብ እንደማያጣው ያውቃል። ከሩቅ ተመድቦ የመጣ ሰው ይህን ለማወቅ ዓመታት ይፈጅበታል።

ወጪ፦ ስኮትላንድ በ2013 እ.ኤ.አ. ስምንት የፖሊስ ተቋማትን ስታዋህድ ወጪ መቀነስ አንዱ ዓላማ ነበር። የጋራ የኮምፒውተር ሥርዓቱ ግን አልሳካ ብሎ በ2016 ተሰረዘ።

ሕግ፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ፖሊስ የማደራጀት ሥልጣን ለክልሎች ይሰጣል። ያለ ማሻሻያ ውህደት የለም።

ስጋት፦ ሁሉም በአንድ እዝ ሥር ሲሆን የአንድ አዛዥ ስህተት አገር ያዳርሳል። ይህ እኔን በጣም ያሳስበኛል።

ለመኪና ስርቆትና ለሰዎች ዝውውር ብሔራዊው ይሻላል፤ ለጎረቤት ጠብና ለወሰን ክርክር የክልሉ። ጠርዝ ላይ ለምንኖር ግን ሁለቱ ጣቢያዎች አቤቱታ ቢቀባበሉልን እንኳ ትልቅ እፎይታ ነው።