የሰርግ ቪዲዮ ከባሕር ዳር በነፃ መላክ፦ ሞክሬ የያዝኳቸውና የተውኳቸው

ጥር ለእኛ ለቪዲዮ ሠሪዎች የእንቅልፍ ወር አይደለም። ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ባሕር ዳር ሰርግ የሌለበት እሑድ የላትም። ሙሽሮቹ ጣና ዳር ይነሳሉ፣ ቤዛዊት ኮረብታ ይወጣሉ፣ አዲሱ የዓባይ ድልድይ 2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ እዚያ ላይ ሳይነሱ ማግባት የተከለከለ ይመስላል። ቀረጻው ደስ ይላል። ጣጣው የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። የሙሽራዋ እኅት አሜሪካ ናት፣ አጎትየው ዱባይ ነው፣ አንደኛ ሚዜው አዲስ አበባ ገብቷል፣ ሁሉም «በቶሎ ላክልን» ይላሉ፣ ፋይሉ ደግሞ 8 ጊጋ ነው።

ለመላኪያ ብዬ የምከፍለው ነገር የለም። የውጭ ካርድ ስለሌለኝ ልክፈል ብልም አይሆንልኝም። ስለዚህ ነፃ የተባለውን ሁሉ ሞካክሬአለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ስለ ፋይል መላኪያ የሚጻፈው ሁሉ የሚጀምረው «ስንት ጊጋ ይፈቅዳል?» ብሎ ነው። ለእኛ አገር ጥያቄው ሌላ ነው፤ መሀል ላይ ሲቋረጥ ከየት ይቀጥላል? ባለፈው ዓመት ስሙን የማልጠራው አንድ ድረ ገጽ ላይ 6 ጊጋ መጫን ጀምሬ፣ ዳታው ይረክሳል ብዬ ሌሊቱን መርጬ፣ ላፕቶፑን ክፍት ትቼ ተኛሁ። ስነቃ 94 ፐርሰንት ደርሷል። የጊዮርጊስ ማኅሌት በድምፅ ማጉያው ይሰማል፣ እኔ ሻይ ልጥድ ተነሳሁ፣ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ የዋይፋዩ ሳጥን ግን የለውም። መብራቱ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲመጣ ገጹ ዜሮ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ያን ቀን ነው የመምረጫ ሚዛኔን የቀየርኩት።

ሒሳቡንም ማወቅ ይጠቅማል። ኢንተርኔት ፍጥነቱ የሚነገረው በሜጋቢት ነው፣ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት ነው፣ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። የመጫኛ ፍጥነታችሁ 4 ሜጋቢት በሰከንድ ከሆነ 8 ጊጋ ፋይል አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ያውም ሳይቆራረጥ። ደግሞ ስትለኩ ዓይናችሁ ማውረጃው ላይ እንዳይቀር። መጫኛው ብዙ ጊዜ ከማውረጃው ያንሳል፣ ሰው ግን ትልቁን ቁጥር አይቶ ይኩራራል።

እንግዲህ ወደ ዋናው። ቴሌግራም አንደኛ ነው። ዘመዶቼ ሁሉ እዚያ ስላሉ ብቻ አይደለም (እሱም አንድ ነገር ነው፤ እናትን «አካውንት ክፈቺ» ከማለት ያድናል)። በነፃ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል፣ ለሚከፍሉት 4 ጊጋ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ አፑን እስካልዘጋችሁት ድረስ ይጠብቃል፣ ሲመለስ ይቀጥላል። ትልቁ ጥቅሙ ግን አንዴ የጫናችሁትን ደግማችሁ አለመጫናችሁ ነው። እኔ ለእያንዳንዱ ሰርግ የግል ቻናል እከፍትና ሊንኩን ለቤተሰቡ እሰጣለሁ፣ አሜሪካም ያለችው ዱባይም ያለው ከዚያው ያወርዳሉ፣ ለሌላ ሰው ፎርዋርድ ሲደረግም ከእኔ ዳታ አንዲት ሜጋ አይሄድም። ፋይሉም ቻናሉ እስካለ ይቀመጣል። ሦስት ወር ቆይተው «ስልኬ ተሰርቆ ቪዲዮው ጠፋብኝ» የሚሉ አሉ፣ ቻናሉን አሳያቸዋለሁ።

የ2 ጊጋው ገደብ መጀመሪያ ያናድዳል። ኋላ ሳየው ግን የእኛ ሰርግ ራሱ ተከፋፍሎ የመጣ ነው፤ እንሶስላው አንድ፣ ሰርጉ ሁለት፣ መልሱ ሦስት፣ ቅልቅሉ አራት። ማንም ደግሞ ሙሉውን ባንድ ቁጭታ አያይም። አደራ ግን ቪዲዮም ሆነ ፎቶ ስትልኩ «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩ። እንዲሁ ከላካችሁት ይጨመቅና ያ ሁሉ የለፋችሁበት ጥራት ጭቃ ይሆናል። እንከኑንም ልናገር። ለማይከፍል ሰው የማውረጃ ፍጥነቱ ገደብ አለው። ተራው ቻትና ቻናሉም ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም ሊያየው የማይችል) አይደለም፣ ከቻቶቹ እንዲያ የሆነው ሲክሬት ቻት ብቻ ነው። ለሰርግ ጭፈራ ችግር የለውም። የባንክ ወረቀት ግን አልልክበትም።

ጉግል ድራይቭ ሁለተኛዬ ነው። 15 ጊጋ ነፃ ይሰጣል፣ ግን 15ቱን ኢሜይላችሁና ጉግል ፎቶም ይካፈሉታል። ስልካችሁ ፎቶ በራሱ የሚያስቀምጥ ከሆነ ሳታውቁት ሞልቷል፣ ሲሞላ ደግሞ ኢሜይል መቀበልም ያቆማል። ለሥራ ብቻ ሌላ አካውንት መክፈት ይሻላል። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን የድራይቭ ፕሮግራም ከተጠቀማችሁ ፋይሉን ፎልደሩ ውስጥ አስቀምጣችሁ መርሳት ነው፣ መብራት ቢሄድም ቢመጣም ራሱ ይጨርሰዋል። እኔ በዚህ በኩል ስልክ የሚደወልልኝ በራሴ ጥፋት ነው። ሊንኩን ሳልከፍተው እልክና የሙሽራዋ እናት ይደውላሉ።

«ልጄ፣ ፈቃድ ጠይቂ አለኝ እኮ። የገዛ ልጄን ሰርግ ለማየት ከማን ነው ፈቃድ የምጠይቀው?»

«ይቅርታ እማማ፣ የእኔ ጥፋት ነው፣ አሁን እከፍትልዎታለሁ።»

ሊንክ ያለው ሁሉ እንዲያይ የሚለውን ሳትነኩ አትላኩ።

ዊትራንስፈር የሚባለው የፋይል መላኪያ ድረ ገጽ ድሮ ስሙ ገናና ነበር። አሁንም ውብና ቀላል ነው፣ ገና ሲከፈት ይገባችኋል። ግን በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ነፃውን አጠበቡት፤ በ30 ቀን ውስጥ በድምሩ 3 ጊጋ፣ ሊንኩም የሚቆየው 3 ቀን ብቻ። ውጭ አገር ሁለት ሥራ የምትሠራ እኅት በ3 ቀን ውስጥ ቁጭ ብላ ታወርዳለች ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። ለአንድ ዘፈን ወይም ለጥቂት ፎቶ ይበቃል።

ትልቅ ነገር ባንዴ ከሆነ ስዊስትራንስፈር አለ። የስዊዘርላንድ ነው፣ እስከ 50 ጊጋ፣ እስከ 30 ቀን፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ፓስዎርድም ያስደርጋል። ነፃ መሆኑ ራሱ ይገርመኛል። የሚሠራው በብሮውዘር ስለሆነ ግን መብራትና ኔትወርክ አስተማማኝ የሆነበት ቦታ ሄዶ መጫን ነው፣ ገጹ ከተዘጋ አለቀ። እኔ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለ ጓደኛዬ ጋ፣ ፔዳ ግቢ ሄጄ ነው የምጭነው። ዎርምሆል የሚባለው ደግሞ እስከ 10 ጊጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስጥሮ ያደርሳል፣ ሊንኩ በ24 ሰዓት ይሞታል። ቤተሰቡ «ይህን ክፍል ሌላ ሰው እንዳያየው» ሲለኝ እሱን እጠቀማለሁ፣ ስልክ ደውዬ «አሁኑኑ አውርዱ» እያልኩ።

ዚፕ ማድረግ ያሳንሰዋል የሚሉ አሉ። ቪዲዮን አያሳንስም፤ አስቀድሞ የተጨመቀ ነገር ነው። ማሳነስ ከፈለጋችሁ ሃንድብሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ኤች 265 በሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ስታወጡት ለዓይን ብዙም ሳይታወቅ ግማሽ ሊደርስ ይችላል። ኮምፒውተሩ ደካማ ከሆነ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል።

ባሕር ዳር ውስጥ ላለ ሰው ኢንተርኔት ምን ያደርጋል? ሎካልሴንድ የሚባለውን አፕ ሁለቱም ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ በአንድ ዋይፋይ ወይም በአንዱ ሆትስፖት መገናኘት ነው። ዳታ አይቆርጥም፣ አንድሮይድና አይፎን ሳይል ያስተላልፋል። ሙሽሮቹን ሐይቁ ዳር ካፌ ቀጥሬ ማኪያቷቸው ሳይቀዘቅዝ 5 ጊጋ ሰጥቻቸው አውቃለሁ። ሒሳቡንም እነሱ ከፈሉ።

አዲስ አበባ ለሚሄድ ጥሬ ቀረጻ ግን፣ አትሳቁብኝ፣ ፍላሽ በአውቶቡስ ነው። 64 ጊጋ በ5 ሜጋቢት ለመጫን 28 ሰዓት ይፈልጋል፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ጠዋት የተነሳ መንገደኛ ማታ ይገባል። ሞባይል ዳታ ጠፍቶ በነበረባቸው ወራት ያለን አማራጭም ይኸው ነበር። ፍላሹን ግን ፎርማት ስታደርጉት ከሚመጡት ምርጫዎች ኤክስፋት (exFAT) የሚለውን ምረጡ። ፋት 32 ከሆነ ቦታ እያለው እንኳ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኮፒውንም ቤት አስቀሩ። ሁለት ፍላሽ በዚህ መንገድ ልኬ ሁለቱም በሰላም ደርሰዋል፣ ሚዜው ራሱ ደውሎ «ደርሶናል፣ በጣም አምሯል» ብሎኛል። ፍላሾቹ እስካሁን አልተመለሱም።